ከመጋለብ ወደ መንዳት፦ ከጎንደር ደጋ እስከ ገዳሪፍ የጎታች ፈረስ ቃላት ታሪክ

1. መነሻ

አማርኛ ለፈረስ የሚሆን ቃል አያጣም። ያልተኮላሸው ወንድ ድንጉላ፣ የተኮላሸው ሰንጋ፣ ሴቷ ባዝራ ትባላለች። በመልኩ ዳማ፣ ቦራ፣ ጉራቻ፣ አምባላይ ይሰኛል፤ በአካሄዱ ሶምሶማ፣ ደንገላሳ፣ ሽምጥ እየተባለ ይለያል። ዕቃው ኮርቻ፣ ግላስ፣ እርካብ፣ ልጓም፣ ዛብ ነው። እነዚህ ቃላት በአብዛኛው ሰው የተቀመጠበትን ፈረስ ይመለከታሉ። ከኋላው ሸክም አስሮ ስለሚጎትት ፈረስ ለመናገር ሲፈለግ ግን መዝገቡ ይሳሳል፤ የተገኘውም ቃል ከበሬው፣ ከመኪናው ወይም ከጎረቤት ቋንቋ የመጣ ሆኖ ይታያል።

ይህ ጽሑፍ ያንን ክፍተትና የተሞላበትን መንገድ ከጎንደር ደጋ በመተማና በገላባት አልፎ እስከ ገዳሪፍ በሚዘልቀው መሥመር ላይ ይከታተላል። መሥመሩ የተመረጠው በምክንያት ነው። በአንዱ ጫፍ በሬ የሚያርስበትና ፈረስ የሚከበርበት ደጋ አለ፤ በሌላው ጫፍ ትራክተር የሚያርስበትና እንስሳ ጋሪ የሚጎትትበት ጥቁር አፈር አለ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር ገበሬ ሥራውን ብቻ ሳይሆን የሥራውን ቋንቋ እንደገና ይማራል። ለወጥነት ሲባል የወጡት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

2. አባ ታጠቅና ሴባስቶፖል

በኢትዮጵያ የመኳንንት ባህል የፈረስ ስም የጌታው መጠሪያ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። «አባ» የሚለው ቃል ባለቤትነትን ያመለክታል፤ ፈረሱ የሰውየው ክብር ተሸካሚ ነው። ምሳሌያዊ አነጋገሩም ከዚህ አይርቅም፤ «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ሲባል ፈረስ ሰውን ወደ ጦር ሜዳ የሚያደርስ እንጂ ሸክም የሚጎትት ሆኖ አይታሰብም። «ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው» የሚለውም የጋላቢ ንግግር ነው።

የዚህ አስተሳሰብ ጉልህ ማስረጃ የመሥመሩ ልጅ ከሆነው ንጉሥ ታሪክ ይገኛል። ቴዎድሮስ የተነሡት ከመተማ አጠገብ ካለው ከቋራ ነው፤ ገና ካሣ ኃይሉ ሳሉ በ1848 በደባርቂ ከግብፅ ጦር ጋር የተዋጉትም በዚሁ ጠረፍ ነበር። በ1867 መጨረሻ በጋፋት የተሠራውን ታላቅ መድፍ ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጉዙ መንኮራኩር ያለው ሠረገላ ተሠራለት፤ መንገድም ተቆረጠለት። ጉዞው ወራት ፈጀ። መድፉን የጎተቱት ግን ፈረሶች አልነበሩም፤ በጠፍር የሳቡት ብዙ መቶ ሰዎች ነበሩ። አባ ታጠቅ ተብሎ የሚጠራው ንጉሥ ፈረሰኛ እያለው የሚጎትት ፈረስ አልነበረውም። የጎደለው እንስሳው ሳይሆን ልምዱ፣ የመጎተቻ ዕቃውና ሁለቱን የሚያስተምር ቃል ነበር።

«ሠረገላ» የሚለው ቃል ራሱ ይህን ያሳያል። በግዕዝ መጽሐፍ ቅዱስ የፈርዖን ሠረገሎች አሉ፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ የሚያነብበው በሠረገላ ተቀምጦ ነው። ቃሉ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ በንባብ ኖሯል፤ ነገሩ ግን በደጋው ጎዳና ላይ አልነበረም። ስለዚህ የሚጎተት ተሽከርካሪ በመጣ ጊዜ የተማረው ቃል ለቤተ ክርስቲያንና ለቤተ መንግሥት ቀርቶ፣ ገበያው ሌላ ቃል ያዘ።

3. ክፉ ቀንና ሰነት ሲታ

ፈረስን ከኮርቻ ወደ ቀንበር የገፋው መጀመሪያ ችግር ነው። በ1887 ከውጭ በገቡ ከብቶች በኩል በምጽዋ የተነሣው የከብት ደስታ በሽታ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ አብዛኛውን በሬ ፈጀ። ከ1888 እስከ 1892 የዘለቀው ረኃብ በአማርኛ «ክፉ ቀን» ተባለ። በዚያው ዘመን በሱዳን የደረሰው ረኃብ «ሰነት ሲታ»፣ ማለትም «ስድስተኛው ዓመት» ይባላል፤ በሂጅራ አቆጣጠር 1306 ዓመት መሆኑን ያመለክታል። አንዱ ቋንቋ ዘመኑን በጠባዩ፣ ሌላው በቁጥሩ ሰየመው። በሁለቱ መካከል የመተማ ጦርነት ቆሟል፤ አባ በዝብዝ ዮሐንስ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የቆሰሉት በዚያ ነው።

በሬ ባለቀበት አገር ሰው በዶማ ቆፈረ፤ ፈረስ፣ በቅሎና አህያ ለማረስም ሞከረ። ሙከራው የማረሻውን አሠራር ያጋለጠ ነበር። ቀንበር የተበጀው ሻኛ ላለው በሬ ነው፤ በሬው በሻኛው ፊት ያረፈውን እንጨት እየገፋ ሞፈሩን ይስባል። ፈረስ ሻኛ የለውም። ኃይሉ በደረቱና በትከሻው ነው፤ አንገቱ ላይ የወደቀ ቀንበር እስትንፋሱን ይጫነዋል፣ ቆዳውንም ይልጠዋል። ስለዚህ ፈረስ የሚያርሰው የደረት ጠፍር ሲበጅለት ነው። በአንዳንድ ብርዳማ ደጋዎች ዛሬም ፈረስ ሲያርስ ይታያል፤ ሆኖም የበሬን ቦታ አልወረሰም።

ቋንቋውም እንደ ቀንበሩ ከበሬው ተወሰደ። ፈረስ በጋሪም ሆነ በማረሻ ሲታሰር «ተጠመደ» ይባላል። ግሱ ሲሻገር ግን ስሙ አልተከተለውም፤ «ጥማድ» እስከ ዛሬ ጥንድ በሬ ነው፣ ጥንዱ በቀን የሚያርሰው መሬት መለኪያም ነው። አንድ ፈረስ ብቻውን ይጠመዳል፤ ጥማድ ግን አይሆንም። ለሥነ ቃል አጥኚ ይህ ትንሽ ልዩነት የትኛው ሥራ ቀዳሚ እንደሆነ ያስረዳል።

4. ድምፅና ዛብ፦ የመማር ቋንቋ

የደጋ ልጅ እርሻን የሚማረው በጆሮው ነው። አራሹ በአንድ እጁ እርፉን፣ በሌላው ጅራፉን ይይዛል፤ በሬው በአፍንጫው ገመድ፣ በአፉ ልጓም የለውም። መዞሩ፣ መቆሙ፣ ከቦይ መመለሱ በአራሹ ድምፅና በጅራፉ ይታዘዛል። በሬዎቹ በመልካቸው ስም ይጠራሉ፤ አንዱ ብቻ ሲሰንፍ እርሱ ብቻ ስሙ ተጠርቶ ይገሠጻል። በእርሻ መሬት ላይ የሚሰማው ጥሪ፣ ግሣጼና ማባበያ ራሱን የቻለ የንግግር ዘርፍ ነው።

የፈረስ ነገር ከዚህ ይለያል። ፈረስን ለማስነሣት «ቼ!» ይባላል፤ «ቼ በለው» የሚለውም አነጋገር ከዚህ የመጣ ነው። ከዚያ በኋላ ግን አብዛኛውን ትእዛዝ ዛቡ ያስተላልፋል። በሬ በአፍ ይታዘዛል፤ ፈረስ በእጅ ይታዘዛል። በሬ ሲጠምድ ያደገ ሰው ጋሪ መንዳት ሲማር የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፤ አፉ የለመደውን ሥራ ለእጁ ማስረከብ አለበት። ዛቡን ሲያጠብቀው ፈረሱ ይቆማል፤ ሳያስበው ሲጎትተው ፈረሱ ያልታዘዘውን ይዞራል።

ሥልጠናው በደረጃ ነው። ፈረሱ መጀመሪያ በሰው መመራትን፣ ቀጥሎ ከኋላው ቀላል ነገር ሲጎተት ድምፁን አለመፍራትን ይለምዳል፤ በሁለቱ የጋሪ እንጨቶች መካከል የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ነጂው ደግሞ ሸክምን ማመዛዘን ይማራል። ጭነት ወደ ፊት ካደላ እንጨቶቹ የፈረሱን ጀርባ ይጫናሉ፤ ወደ ኋላ ካደላ ሆዱ ሥር ያለውን ጠፍር ወደ ላይ ይስባሉ። ቁልቁለት ላይ ጋሪው ፈረሱን ይገፋዋል፤ ስለዚህ አወራረድ ከአወጣጥ ይከብዳል። ያልተመዛዘነ ጭነት የሚያስከትለውን የጀርባ ቁስል አማርኛ በአንድ ቃል ያውቀዋል፦ ገጣባ። ቃሉ የጫኝና የአህያ ቃል ነበር፤ ወደ ጋሪ ፈረስም ተዛመተ።

እነዚህን ሁሉ የሚያስተሳስረው ግስ «ገራ» ነው። ፈረስ ይገራል፣ በቅሎ ይገራል፣ ወይፈን ይገራል፤ «ያልተገራ አንደበት» እንደሚባለው ምላስም ይገራል። «ነዳ» ግን ሌላ ታሪክ አለው። ከብትና አህያ ይነዳ ነበር፤ ፈረስ ይጋለብ ነበር፤ በሰው ፊት «ፈረስ ነዳሁ» ማለት ክብርን ዝቅ ማድረግ ነው። ጋሪ ሲመጣ ቋንቋው መውጫ አገኘ፤ የሚነዳው ፈረሱ ሳይሆን ጋሪው ሆነ። «ጋሪ ነዳ»፣ በኋላም «መኪና ነዳ» ተባለ። በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ፈረሱ ከተሳቢነት ወጥቶ ጠፋ።

5. ጋሪና ካሮ

«ጋሪ» የሕንድ ቃል ነው፤ በሂንዲና በኡርዱ ተሽከርካሪን ይጠራል። በሕንድ ውቅያኖስ ንግድ አካባቢ ባሉ ቋንቋዎችም ይገኛል። በስዋሂሊና በሶማልኛ ቃሉ ወደ ሞተር አልፎ መኪና ማለት ሆኗል። በአማርኛ ግን ከእንስሳው ጋር ቀረ፤ ሞተሩ «መኪና» የሚለውን ሌላ ቃል ስላገኘ። አንድ ብድር በተለያዩ ቋንቋዎች የተለያየ ዕድል እንዳለው ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ጥቂት ነው።

በጋሪው ሥር ያሉት ቃላት ደግሞ ከጣልያን መጡ፦ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ። ጋሪው ከአሮጌ መኪና አካል ስለሚሠራ ቃሉ ከብረቱ ጋር ገባ። ስለዚህ አንድ የጎንደር ወይም የባሕር ዳር ባለጋሪ ስለ ዕቃው ሲናገር ከላይ ወደ ታች ታሪክን ይወርዳል፤ ልጓሙ ከግዕዝ፣ ጠመዳው ከእርሻ፣ ጋሪው ከሕንድ፣ ጎማው ከጣልያን ነው።

ገላባትን ሲሻገር መዝገቡ ይለወጣል። በሱዳን ዓረብኛ የሚጎተተው ጋሪ «ካሮ» ነው። ቃሉ በግብፅ ዓረብኛም ያለ ሲሆን የጣልያን ምንጭ ይታይበታል፤ አማርኛ በእጅ ለሚገፋው «ካሬታ» ከሚለው ጋር አንድ ሥር አለው። ነጂው «ዐርበጂ» ይባላል፤ በቅጥያው ላይ ከ1821 ጀምሮ ሱዳንን የገዛው የቱርክና የግብፅ አስተዳደር አሻራ አለ። አማርኛ «ባለ» ብሎ ባለቤትነትን ከፊት ሲያስቀምጥ፣ የሱዳን ዓረብኛ «ጂ» ብሎ ሙያን ከኋላ ያስቀምጣል።

ዘመዳሞች የሆኑ ቃላት ደግሞ የበለጠ ያሳስታሉ። «ልጓም» እና «ሊጃም»፣ «እርካብ» እና «ሪካብ» ሲሰሙ ይግባባሉ። «ፈረስ» ግን በሱዳን ዓረብኛ ሴቷ ናት፤ ወንዱ «ሑሳን» ነው። ድንጉላ የሚፈልግ አማርኛ ተናጋሪ በገበያ «ፈረስ» ቢል ባዝራ ሊቀርብለት ይችላል። ውኃ የሚያከፋፍለው «ካሮ ሞያ» ይባላል፤ «ሞያ» ውኃ ነው፣ ለአማርኛ ጆሮ ግን ሙያ ይመስላል።

6. ፈረስ የቀነሰበት ሜዳ

ገዳሪፍ የፈረስ አገር ሆኖ አልተለመደም። በዝናብ ወራት በጥቃቅን ነፍሳት የሚተላለፈው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ በቆላ ይበረታል፤ ደም መጣጭ ዝንቦችም ይበዛሉ። በ1860ዎቹ መጀመሪያ በአካባቢው የተጓዘው ሳሙኤል ቤከር ዝንቡ ዘላኖችን ከነግመላቸው በክረምት ወደ ሰሜን እንደሚያስኬዳቸው ጽፏል። በተከዜ ግርጌ የሐምራን አዳኞች በፈረስ ሆነው ዝሆንን በሰይፍ ሲያድኑም አይቷል። እዚህም ፈረሱ የጋላቢ ነበር።

መሬቱ ራሱ መንኮራኩርን ይከለክላል። የደጋው ገበሬ ዋልካ የሚለውን ጥቁር አፈር ሱዳኖች «ባዶቤ» ይሉታል፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ጎማ ይይዛል። በዚህ አፈር ላይ ከ1940ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በገደምበሊያ በትራክተር የሚሠራ የማሽላ እርሻ ተጀመረ፤ በ1968 የመካናይዝድ እርሻ ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። ስለዚህ የገዳሪፍ ሰፊ እርሻ ከዶማ ወደ ትራክተር ሲዘል የእንስሳ ማረሻን ዘመን በአብዛኛው አልፎታል። ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው የጎንደርና የጎጃም ወጣት ሞፈር፣ ድግር፣ ወገል፣ ምራን የሚሉት ቃላት የሚያርፉበት ነገር አያገኝም። ማሽላው «ዱራ»፣ ሰሊጡ «ሲምሲም» ይሆናል። በእንስሳ የሚሠራው ሥራ ካሮ ነው፤ የሚጎትተውም ብዙ ጊዜ አህያ ነው። በደጋው ጎልማሳ ወንድ በአህያ መቀመጥ ነውር ሲሆን፣ እዚህ የዘወትር ነገር ነው። ወጣቱ የሚማረው አዲስ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ የእንስሳት ማዕርግም እንደገና ይደረደርለታል።

7. ማጠቃለያ

በደጋው ከተሞች የፈረስ ጋሪ ለባጃጅ ቦታ እየለቀቀ ነው። በሱዳን በኩል ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ በተነሣው ጦርነት ነዳጅ ሲጠፋ ካሮ እንደገና ሰውና ውኃ አመላላሽ ሆኗል። ስለዚህ የአንዱ ወገን ቃላት ከአገልግሎት ሲወጡ የሌላው እየበዙ ነው፤ ድንበሩን የሚሻገሩትም ሰዎች ሁለቱን ይዘው ይኖራሉ።

መዝገበ ቃላት የጋላቢውን ቃል ጠብቆልናል፤ ጋላቢው ጸሐፊም፣ ባለርስትም፣ ዜማ የሚወርድለትም ነበርና። የነጂውን ቃል የሚጠብቅለት ግን አልነበረም። ስለዚህ የሚሰበሰበው በሦስት ቦታ ነው፦ ፈረስ በሚያርስበት ደጋ፣ በጋሪ ማቆሚያ፣ በገላባትና በገዳሪፍ የካሮ ገበያ። ስሙ ከዕቃው ጋር፣ ትእዛዙ ከእንስሳው እንቅስቃሴ ጋር አብሮ ሊመዘገብ ይገባል። በሬውን የሚያዝዘው ድምፅ በጽሑፍ ብቻ አይያዝምና፤ ፈረሱን የሚያዝዘው እጅ ደግሞ ጨርሶ አይሰማም።