በአክሱም ዙሪያ በእግር የሚነበብ ታሪክ

ታሪክ የሚገኘው በመጽሐፍ ውስጥ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። መጽሐፍ የነገሥታትን ስምና ዘመን ያስተምራል፤ የአንድን ሥራ ክብደት አጥርቶ የሚያሳየው ግን ሥራው የተሠራበት ቦታ ነው። ስለዚህ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ጽሑፍ እንድናቀርብ በተጠየቅን ጊዜ፥ በአክሱም ከተማ ዙሪያ በእግራችን ተዘዋውረን ስላየናቸው የጥንት ሥራዎች ለመጻፍ መረጥን። መንገዶቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ወደ ምዕራብ፥ ሌላው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይሄዳል። ሁለቱም እጅግ አድካሚ ስላልሆኑ ጤና ያለው ሰው ሁሉ እያንዳንዱን በግማሽ ቀን ሊፈጽመው ይችላል።

የሁለቱም መንገዶች መነሻ በከተማው ውስጥ ያለው የሐውልቶች ሜዳ ነው። ትልልቆቹ ሐውልቶች ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ3ኛውና በ4ኛው መቶ ዓመት የተሠሩ የመቃብር ምልክቶች እንደ ሆኑ ሊቃውንት ይናገራሉ። መልካቸው እንደ ፎቅ ቤት ነው፤ በሩ፥ መስኮቱና የወለሉ ተሸካሚ እንጨት ጫፍ ሳይቀር በድንጋይ ተቀርጾባቸዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ርዝመቱ 33 ሜትር፥ ክብደቱም ወደ 520 ቶን የሚገመት ሲሆን፥ ዛሬ ተሰባብሮ በመሬት ላይ ተጋድሟል። የወደቀውም ሊያቆሙት ሲሞክሩ ወይም ከቆመ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ነው ተብሎ ይታሰባል። ይህን ድንጋይ ያየ ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ከየት መጣ?» ብሎ ነው። መልሱን የሚሰጠው የምዕራቡ መንገድ ነው።

በዚህ መንገድ ከከተማው ወጣ እንዳሉ የዱንጉር ፍርስራሽ ይገኛል። በ1960 ዓ.ም. ገደማ ፍራንሲስ አንፍሬ የተባሉ ፈረንሳዊ የጥንት ታሪክ ተመራማሪ ቦታውን ሲያስቆፍሩ ወደ ሃምሳ የሚጠጉ ክፍሎች ያሉት ታላቅ ቤት ወጣ። የአገሩ ሰው የንግሥት ሳባ ቤተ መንግሥት ይለዋል፤ ተመራማሪዎች ግን ቤቱ የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ6ኛው ወይም በ7ኛው መቶ ዓመት ገደማ ነው ይላሉ። በእኛ አስተያየት አንዱን ለመቀበል ሌላውን ማቃለል አያስፈልግም። ቁፋሮው የግንቡን ዕድሜ ይነግረናል፤ አፈ ታሪኩ ደግሞ ሕዝቡ ስለ ራሱ ምን እንደሚያስብ ይነግረናል። የታሪክ ተማሪ ሁለቱን ለየብቻቸው አውቆ ሁለቱንም ማክበር ይገባዋል።

ከዱንጉር ማዶ፥ ከመንገዱ ባሻገር፥ በዮዲት ጉዲት ስም የሚጠራው የሐውልቶች ሜዳ አለ። እነዚህ ድንጋዮች እንደ ከተማዎቹ የተጠረቡ አይደሉም፤ አብዛኞቹ ያለ ቅርጽ የተተከሉ ናቸው፤ ብዙዎቹም ወድቀዋል። በመካከላቸው ገበሬው ያርሳል፤ በክረምት አዝመራው ሲያድግ የተጋደሙትን ይሸፍናቸዋል። መቃብር የነበራቸው ነገሥታት ብቻ እንዳልነበሩ ይህ ሜዳ ያስታውሰናል። ጎብኚ ግን ብዙ ጊዜ ሳያያቸው ያልፋል።

ከዚያ ወደ ፊት ሲሄዱ፥ ከከተማው 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የጎቦድራ ኮረብታ ይገኛል። የታላላቆቹ ሐውልቶች ድንጋይ የወጣው ከዚህ ነው። በዓለቱ ላይ ጠራቢዎቹ ሽብልቅ ለማስገባት በተርታ የፈለፈሏቸው ቀዳዳዎች ዛሬም እንዳሉ ናቸው፤ ተጀምረው ሳይሰነጠቁ የቀሩ ድንጋዮችም ይታያሉ። እዚያው በአንድ ታላቅ ቋጥኝ ላይ ከ3 ሜትር በላይ ርዝመት ያላት አንበሳ ተቀርጻለች። ቅዱስ ሚካኤል ከአንበሳዪቱ ጋር ታግሎ ከዓለቱ ላይ ቢወረውራት ምስሏ ታትሞ ቀረ ይባላል።

ከጎቦድራ ወደ ከተማው ስንመለስ ቦርሳችንን ብቻ ተሸክመን አንድ ሰዓት ያህል ተጓዝን። ያን ጊዜ ነው በክፍል ውስጥ በቃላችን ያጠናነው 520 ቶን የሚለው ቁጥር ትርጉም ያገኘው። ሞተር ባልነበረበት ዘመን ያንን ድንጋይ በዚህ መንገድ ለመሳብ ስንት ሰው፥ ስንት ገመድ፥ ስንት ቀን፥ ለሠራተኞቹም ስንት እህል አስፈልጎ ይሆን? «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ በዚያ መንገድ ላይ እውነት ሆኖ ይታያል። ሐውልቱ የአንድ ንጉሥ ስም ቢይዝም ሥራው ስማቸው ያልተጻፈ የብዙ ሺህ ክንዶች ሥራ ነው።

የሰሜን ምሥራቁ መንገድ የሚጀምረው ከማይ ሹም ነው። ይህም ከዓለት የተፈለፈለ የውኃ ማጠራቀሚያ ሲሆን፥ ሕዝቡ የንግሥት ሳባ መታጠቢያ ይለዋል። ከዚያ ሽቅብ ሲወጡ በአንዲት ትንሽ ቤት ውስጥ የንጉሥ ኢዛና የድንጋይ ጽሑፍ ይገኛል። ድንጋዩን ያገኙት ገበሬዎች ናቸው፤ ጊዜውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት ነው። ጽሑፉ በግሪክ ቋንቋ፥ እንዲሁም በግዕዝ ፊደልና በሳባ ፊደል የተቀረጸ ሲሆን፥ ንጉሡ ወንድሞቻቸውን ልከው የቤጃን ሕዝብ እንዳስገበሩ፥ ምርኮኞቹንም በመንገድ እየመገቡ ወስደው በሌላ አገር እንዳሰፈሯቸው ይተርካል። ምስጋናው ለጥንቶቹ አማልክት ስለ ሆነ፥ የተጻፈው ንጉሡ ክርስትናን ከመቀበላቸው በፊት እንደ ነበረ እንረዳለን። በኋላ ግን በአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ትምህርት አምነው በገንዘባቸው ላይ በጨረቃ ፈንታ መስቀል አስቀረጹ።

የዚህ ድንጋይ ጽሑፍ በመጨረሻው ከቦታው የሚያነሣውን ሰው ይረግማል። ስለዚህ ድንጋዩን ወደ ሙዚየም በመውሰድ ፈንታ ቤቱን በላዩ ሠሩለት። እኛም እርግማኑን ከመፍራት ይልቅ ጥበቡን አደነቅን። ድንጋዩ በመንገድ ዳር የቆመው አላፊ አግዳሚው እንዲያነበው ነውና፥ ከመንገዱ ቢለይ ግማሽ ትርጉሙ ይጠፋል።

መንገዱን ሲቀጥሉ በአንድ ኮረብታ ላይ የዐፄ ካሌብና የዐፄ ገብረ መስቀል መቃብሮች ጐን ለጐን ይገኛሉ። ወደ ክፍሎቹ በደረጃ ይወረዳል፤ ውስጡ ጨለማ ስለ ሆነ መብራት መያዝ ያስፈልጋል። ግዙፎቹ ድንጋዮች ያለ ጭቃና ያለ ኖራ እንዴት እንደ ተገጣጠሙ በእጅ ዳስሶ ማየት ይቻላል። ዐፄ ካሌብ በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ቀይ ባሕርን ተሻግረው በየመን የተዋጉ ንጉሥ ናቸው። ከድሉ በኋላ ዙፋናቸውን ትተው በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም መነኰሱ ይባላል። ያ ገዳም በቀጥ ያለ ጕብታ ላይ ተሠርቶ ከዚሁ መንገድ ወዲያ ይታያል። ስለዚህ ንጉሡ መቃብር ያሠሩበትንና ዘውዳቸውን የተዉበትን ስፍራ በአንድ ጧት መጐብኘት ይቻላል።

ከሐውልቶቹ አንዱ የኢዛና ድንጋይ ዕድል አልደረሰውም። ቁመቱ 24 ሜትር ያህል የሆነውና ወድቆ የተሰበረው ሐውልት በ1929 ዓ.ም. በፋሺስት ኢጣልያ ተወስዶ በሮም አደባባይ ተተከለ። በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ የወሰደችውን እንድትመልስ ግዴታ ገብታ ነበር፤ ሆኖም ሐውልቱ የተመለሰው በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ነው። ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን ሦስት ጊዜ ተጓጓዘ፤ በነሐሴ 2000 ዓ.ም. በቀድሞ ሜዳው ቆሞ ተመረቀ። በሮም ሳለ የድል አድራጊ ጌጥ ነበር፤ ዛሬ ግን ከጎቦድራ የሚመጣ መንገደኛ አይቶት ከየት እንደ መጣና ለምን እንደ ቆመ ያውቃል።

ቅርስን የሚያጠፋው ቅሚያ ብቻ አይደለም። አክሱም በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ብትመዘገብም፥ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት ተጎድታለች። በኅዳር 2013 ዓ.ም. በከተማዪቱ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል፤ የጐብኚም እግር ተቋርጦ ነበር። ከድንጋይ ሁሉ የሰው ሕይወት ይበልጣል። ድንጋዩንም ቢሆን የሚጠብቀው፥ ታሪኩንም የሚተርከው በአጠገቡ የሚኖረው ሰው ነው፤ ያ ሰው ከሌለ ሐውልቱ ዲዳ ይሆናል።

እንግዲህ ከእኛ በኋላ ለምትመጡ ተማሪዎች የምንመክረው ይህን ነው። በጧት ተነሡ፤ ውኃና መብራት ያዙ፤ የገበሬውን አዝመራ አትርገጡ፤ በድንጋይ ላይ ስማችሁን አትጻፉ፤ ሽማግሌ ስታገኙ ሰላምታ ሰጥታችሁ ጠይቁ። የምትኖሩበት አውራጃ አክሱም ባይሆንም በአካባቢያችሁ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን፥ መስጊድ፥ የገበያ መንገድ ወይም የመቃብር ድንጋይ አይታጣምና፥ እርሱን በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩና ያያችሁትን ጻፉ። አባቶቻችን 520 ቶን ድንጋይ ያን ያህል መንገድ ከሳቡ፥ እኛ ያንኑ መንገድ ባዶ እጃችንን ለመሄድ መስነፍ አይገባንም።