ከእሳትና ከባቡር የተረፈው መጠጥ ቤት

የቢራ ወዳጅ የሆነ መንገደኛ ለንደን ሲደርስ ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ ወደሚገኘው ሳውዝዋርክ ቢሻገር፣ ጆርጅ የተባለውን ጥንታዊ መጠጥ ቤት ያገኛል። ይህ ቤት በለንደን ባለሰገነት ከነበሩት የሠረገላ ማረፊያዎች መካከል ለዘመናችን የደረሰ ብቸኛው ነው።

በሳውዝዋርክ እንዲህ ያሉ ቤቶች የበዙት ያለ ምክንያት አልነበረም። እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ የለንደንን ከተማ ከደቡብ አውራጃዎች ጋር የሚያገናኘው ድልድይ አንድ ብቻ ነበር። የድልድዩ በር ማታ ሲዘጋ፣ የመሸበት መንገደኛ ከነፈረሱ በዚያው ያድር ነበር። ጄፍሪ ቾሰር በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በጻፈው «የካንተርበሪ ተረቶች» ተሳላሚዎቹን ለጉዞ ያሰባሰበው የጆርጅ ጎረቤት በነበረው በታባርድ ነው።

መጠጡም ቢሆን የራሱ ታሪክ አለው። በቾሰር ዘመን እንግሊዞች በብዛት ይጠጡት የነበረው ኤል ሆፕ የማይገባበት የገብስ መጠጥ ነበር። ጌሾ ለጠላችን የሚሰጠውን ምሬት ለቢራ የሚሰጠው ይህ ተክል ከባሕር ማዶ መጥቶ በኬንት እርሻዎች ተስፋፋ፤ ከኬንት ወደ ለንደን የሚያመራው መንገድ በሳውዝዋርክ ስለሚያልፍም አካባቢው የሆፕ ገበያ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1676 ታላቅ እሳት ሳውዝዋርክን አወደመ። ጆርጅ ግን በተከታዩ ዓመት ግቢውን በሚከቡ የእንጨት ሰገነቶች አጊጦ ዳግመኛ ተሠራ። ከዚያ ቀደም ሲል፣ በንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት ዘመን፣ ተዋንያን እንዲህ ባሉ የማረፊያ ግቢዎች ቴአትር ያሳዩ ነበር፤ ተመልካቹም ከሰገነት ሆኖ ቁልቁል ይመለከት ነበር።

እሳት ያላጠፋውን ባቡር አጠፋው። እ.ኤ.አ. በ1836 የባቡር ሐዲድ ለንደን ድልድይ አጠገብ ደረሰ፤ የሠረገላውም ንግድ እየከሰመ ሄደ። ታባርድ በ1873 ፈረሰ። በ1889 ደግሞ ጆርጅን የያዘው የባቡር ኩባንያ አብዛኛውን ሕንጻ አፍርሶ ደቡባዊውን ክፍል ብቻ አስቀረ። ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ እሳት የበላውን ቤት መንገዱ ስለሚፈልገው በዓመቱ መልሶ አቆመው፤ ባቡር ያፈረሰውን ግን መልሶ የሚያቆም መንገድ አልነበረም።

የተረፈው ክፍል በ1937 ለብሔራዊ የቅርስ ባለአደራ ማኅበር ተላለፈ። ይሁንና ተቆልፎ የሚጎበኝ ሙዚየም አልሆነም፤ ዛሬም ቢራ ይቀዳበታል። ስለዚህ ብርጭቆውን አንሥቶ ከሰገነቱ ሥር የሚቀመጠው እንግዳ ቅርሱን ከመመልከት አልፎ፣ ቤቱ የተሠራበት ሥራ እንዳይቋረጥ የራሱን ድርሻ ያበረክታል።