የፋቂው እጅ

የጥንት ብራና መጽሐፍ ገልጦ የሚመለከት ሰው፣ በመጨረሻው ቅጠል ወይም በኅዳጉ ላይ አንድ የታወቀ ውግዘት ያጋጥመዋል። መጽሐፉን የሰረቀም የፋቀም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ይላል፤ ቃሉ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ጥቂት ቢለያይም አሳቡ አንድ ነው። ስርቆቱ አያስገርምም። አንድ ወንጌል ለመጻፍ የብዙ ፍየልና በግ ቆዳ፣ የብዙ ወራትም ድካም ይጠይቅ ነበርና መጽሐፍ ትልቅ ሀብት ነው። እኔን ዘወትር የሚያቆመኝ ሁለተኛው ቃል ነው። አበው ፋቂን ከሌባ ጎን ያስቀመጡት ምን አይተው ይሆን? ሌባ የወሰደው መጽሐፍ ቦታው ባዶ ሆኖ ይታያል። ፋቂ የነካው መጽሐፍ ግን እንደ ወትሮው በቦታው አለ፤ ካህኑ ያነበዋል፣ ሕዝቡ ይሰማዋል፣ አንድ ስም ወይም አንድ ቁጥር እንደ ተለወጠ የሚያውቅ የለም።

መፋቅ በራሱ ነውር አልነበረም። ብራና ጠንካራ ነው፤ ጸሐፊው ሲስት በቢላዋ ጫፍ ፍቆ በዚያው ቦታ ላይ ያቃናዋል፤ አራሚውም እንዲሁ። ያው ቢላዋ ነው በሌላ እጅ ሲያዝ የመጽሐፉን ባለቤት ስም አጥፍቶ የሌላውን ስም የሚተክለው። የርስትና የጉልት ነገር በወንጌል ኅዳግ ይጻፍ በነበረበት አገር ደግሞ፣ የአንድ ስም መፋቅ የአንድ ቤተ ሰብ መሬት ማለት ሊሆን ይችላል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ሚኒሶታ ተቀምጠው፣ ከ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡትን የአገራችንን ብራናዎች በመመዝገብ ዕድሜያቸውን ፈጅተዋል፤ በ2013 ዓ.ም. ነው ያረፉት። እንደነዚያ ባሉ የብራና መዝገቦች ውስጥ «ስሙ ተፍቆ ሌላ ተተክቶበታል» የሚል ማስታወሻ ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም። የፋቂው ማንነት ግን ከነቢላዋው ጠፍቷል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ያህል ወደ ኋላ የሄድሁት ስለ ውክፔዲያ ለማውራት ነው።

እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2001 የተጀመረው ይህ የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት በአንድ ድፍረት ላይ የቆመ ነው፤ ማንም ሰው ስሙን ሳይናገር መጥቶ የሌላውን ጽሑፍ ማረም፣ መጨመር፣ መሰረዝ ይችላል። ቢላዋው ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ታድሏል ማለት ነው። መዘዙም ሳይዘገይ ታየ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2005 አንድ ስም የለሽ እጅ ጆን ሲገንታለር የተባሉትን አንጋፋ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በኬኔዲ ወንድማማቾች ግድያ ተጠርጥረው ነበር ብሎ ጻፈ። ሲገንታለር የሮበርት ኬኔዲ ረዳት የነበሩ፣ የቀብራቸውም ዕለት ሬሳ ከተሸከሙት አንዱ የሆኑ ሰው ናቸው። ሐሰቱ ከአራት ወር በላይ ማንም ሳይነካው ተቀመጠ። ሽማግሌው ነገሩን በኅዳር ወር በጋዜጣ ካወጡት በኋላ፣ የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ስም ያላስመዘገበ ሰው አዲስ ገጽ እንዳይከፍት ከለከለ። ያለውን ገጽ ማረም ግን አልከለከለም፤ ዛሬም አልከለከለም።

ለምን አልከለከለም? የዚህ ብራና ጠባዩ ልዩ ስለሆነ ነው። በእያንዳንዱ ገጽ ጀርባ የቀድሞ መልኮቹ ሁሉ ተቀምጠዋል፤ የትኛው ቃል መቼ እንደ ገባ፣ የትኛው መቼ እንደ ወጣ፣ የአሁኑን ከቀድሞው አስተያይቶ ማየት ይቻላል። የፋቂው ሥራ ከነሰዓቱ ይመዘገባል፤ የተፋቀውም በአንዲት ምልክት ወደ ቦታው ይመለሳል። መጋቢዎቹ ገጽ መቆለፍ፣ ለጥቂት ቀን ለአዲስ መጤ መዝጋት፣ አጥፊውን ማገድ ይችላሉ። በእንግሊዝኛው ዘንድ ስድብና ጩኸትን በሰከንዶች ውስጥ የሚያነሡ አውቶማቲክ ፕሮግራሞችም አሉ። የብራናው ጸሐፊ ይህን ቢያይ ውግዘቱን ለስርቆት ብቻ ባስቀረው ነበር እላለሁ። ግን እንዲህ ስል ጥቂት ቸኩያለሁ፤ የሰንጋ ተራን ነገር ሳነሣ ምክንያቱ ይታያል።

ሰንጋ ተራ ስሙ ራሱ ታሪኩን ይናገራል፤ የሰንጋ በሬ መሸጫ ነበረ። ዛሬ ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ ጥቁር አንበሳ የሚወስደውን መንገድ የያዘ መንገደኛ በሬ ቀርቶ የበሬ ጥላ አያይም። የባንኮችና የኢንሹራንሶች ዋና መሥሪያ ቤት ሕንፃዎች በመስታወት ተሸፍነው ይጠብቁታል። የጭቃ ቤቶቹ በመልሶ ማልማት ፈርሰዋል፤ 40/60 የሚባሉት ሕንፃዎች በ2009 ዓ.ም. ለባለ ዕድለኞች ተላልፈዋል፤ የቀድሞዎቹ ነዋሪዎች አብዛኞቹ ወደ ከተማዋ ዳር ተበትነዋል። ከነባሩ ምልክት ስሙን ይዞ የቆየው ኮሜርስ ነው፤ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤቱ። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰፈር ማስረጃው ምንድን ነው? ቤቱ የለም። ጎረቤቱ ተለያይቷል። ዕድሩ ፈርሷል ወይም በስልክ ይጠራራል። አንድ ስም የለሽ እጅ ነገ ተነሥቶ «ሰንጋ ተራ የተባለው እገሌ በተባለ ባላባት ስም ነው» ብሎ ቢጽፍ፣ ከቤቱ ወጥቶ «ኧረ ተው!» የሚለው ሽማግሌ ድሮ ከበሩ ፊት ይገኝ ነበር። አሁን ሽማግሌው ጀሞ ወይም ሌላ ቦታ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የቀድሞው መልክ ከገጹ ጀርባ መቀመጡ የሚጠቅመው ጀርባውን ገልጦ የሚያይ፣ አይቶም ልዩነቱን የሚያውቅ ሰው ካለ ነው።

በዚሁ ሰፈር በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የማዘወትረው አንድ የኢንተርኔት ቤት ነበር። በደቂቃ ሒሳብ የሚከፈልባቸው ስድስት ኮምፒዩተሮች፣ አንዲት ቬንትሌተር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ የስልክ መስመር። ስድስታችንም በዓለም ፊት አንድ ሰው ነበርን፤ ከዚያ ቤት የሚወጣ ጽሑፍ ሁሉ አንድ የአይፒ አድራሻ ነበረውና። አንድ ቀን ጥግ ላይ የተቀመጠ ጎረምሳ የአንድን ንጉሥ ታሪክ አጥፍቶ የሚደግፈውን የእግር ኳስ ቡድን ውዳሴ ጻፈበት፤ ጓደኞቹን እያስጠራ አሳየ፤ ሳቁ፤ ሒሳቡን ከፍሎ ሄደ። ከሰዓት በኋላ አንዲት የኮሜርስ ተማሪ ስለ ጥንት የንግድ መንገዶች የያዘችውን ማስታወሻ ለማስገባት ስትሞክር፣ ከዚህ አድራሻ በደረሰ ጥፋት ምክንያት መጻፍ ተከልክሏል የሚል ቃል መጣባት። ልጅቷ ግራ ገባት፤ ወደ ባለቤቱ ዞረች፤ ባለቤቱም ወደ እኛ። ማስታወሻዋን አጣጥፋ ከቦርሳዋ ጨመረችው። ጎረምሳው ይህን እስከ ዛሬ አያውቅም።

ይህ የድሃ አገር ዕጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. የ2006 ማብቂያና የ2007 መግቢያ ላይ፣ በአንድ አድራሻ የተሠራ ጥፋት ሲታገድ ቀጣር የምትባለው አገር በሞላ ታግዳ ተገኘች፤ የአገሪቱ ኢንተርኔት ከሞላ ጎደል በዚያች በአንዲት በር ነበር የሚወጣውና። ዕግዱ ለሰዓታት ብቻ ቆይቶ ተነሣ። በብራናው ዘመን ውግዘቱ የጥፋተኛውን ነፍስ ለይቶ የሚያገኝ አንድ ዳኛ በሰማይ እንዳለ ያምን ነበር። የኮምፒዩተሩ ውግዘት የሚያገኘው ቤቱን ነው፤ ሰውየውን አይደለም።

የአማርኛው ውክፔዲያ ወደ 15,000 የሚጠጉ ገጾች አሉት፤ እንግሊዝኛው 7 ሚሊዮን ያህል። የገጾቹ ማነስ ያን ያህል አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ የተመልካቹ ማነስ ነው። በአማርኛው ዘንድ ስድብ ይታያልና ቶሎም ባይሆን ይነሣል፤ በዝምታ የሚቀመጠው ጨዋ የሚመስል ለውጥ ነው። ከሁሉ የሚያስቀኝም የሚያስለቅሰኝም የዘመን አቆጣጠራችን ጉዳይ ነው። የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 1896። አንዱ ውጭ አገር ያደገ ቅን ወንድም መጥቶ 1888ን «ስሕተት» ብሎ 1896 ያደርገዋል፤ ወሩንና ቀኑን ግን እንዳለ ይተወዋል። ሌላው መጥቶ ወሩን ወደ መጋቢት ይለውጣል፤ ዓመቱን ወደ 1888 ይመልሳል። ሁለቱም ለአገራቸው ደግ የሠሩ መስሏቸዋል። ከሁለቱ ደግነት የሚወለደው ቀን በየትኛውም አቆጣጠር የሌለ ቀን ነው። ለዚህ ምን ዓይነት ውግዘት ይበቃዋል?

ክፋቱም አለ፤ አልደብቅም። የአፍሪካ ቀንድ ነገር በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ጥብቅ ሕግ ከተደነገገባቸው አከራካሪ ርዕሶች አንዱ ሆኗል። ከጦርነቱ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህማ የከተማ ስም፣ የብሔር ስም፣ የሟች ቁጥር የማይፋቅበት ቀን አልነበረም ቢባል ማጋነኑ ጥቂት ነው። የእንጀራ ባለቤትነት እንኳ ይፋቃል። ይህን እያየ «ስሙን የማይናገር ሁሉ ይውጣ» የሚል ሰው ቢነሣ አልፈርድበትም። የፖርቱጋልኛው ውክፔዲያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 ይህንኑ አደረገ፤ ያልተመዘገበ እጅ የመዝገበ ዕውቀቱን ገጾች እንዳያርም በሩን ዘጋ።

እኔ ግን ለአማርኛው ይህን አልመክርም። እ.ኤ.አ. በ2006 አሮን ስዋርትዝ የተባለው ወጣት የፕሮግራም ሊቅ የገጾቹን ታሪክ ቆጥሮ ያገኘው ነገር ነበር፤ ሰረዝና ነጥብ የሚያቃኑት የቤቱ ነባሮች ሲሆኑ፣ ዋናውን ፍሬ ነገር ጽፎ የሚሄደው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀን ብቅ ብሎ የማይመለስ እንግዳ ነው። ስም ደግሞ ዋስ አይደለም። የስኮትላንዱን የስኮትስ ቋንቋ ውክፔዲያ ያበላሸው ፋቂ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2020 እንደ ታወቀው፣ ቋንቋውን የማያውቅ አንድ አሜሪካዊ ወጣት በተመዘገበ ስም፣ በመጋቢነት ማዕረግ፣ በቅን ልብ ለዓመታት በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ገጾችን ጽፎ ነበር። በራሳችንስ ቤት የሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ ክርክር አለ አይደል? መጽሐፉ የደራሲ ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የሕይወት ታሪክ ሁሉ አለው፤ ሆኖም ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ጽሑፉ የጣሊያናዊው የአባ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ሥራ ነው ካለ ወዲህ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። በአንጻሩ የዐፄ ዓምደ ጽዮንን ዘመቻ ያን በመሰለ ኃይል የጻፈልን ሰው ስሙን አልነገረንም፤ ብዙ ታሪክ ጸሐፊ ግን ያምነዋል።

የብዙ እጅ ሥራ እንዴት እንደሚያምር የሚያስተምረኝ ሌላ መጽሐፍ ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተረከቡ፤ እሳቸውም ሥራውን ለደስታ ተክለ ወልድ አደራ ብለው ዐረፉ፤ በ1948 ዓ.ም. ታተመ። ሦስት ትውልድ፣ አንድ መጽሐፍ። ደስታ ተክለ ወልድ በመምህራቸው ገጽ ላይ ቢላዋ ለማንሣት ከእሳቸው የበለጠ ዕድል ያለው ሰው አልነበረም፤ ብቻቸውን ነበሩና፣ የሚያያቸውም አልነበረምና። የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ግን በራሳቸው ስም፣ ለብቻው፣ በ1962 ዓ.ም. አሳተሙ።

ውክፔዲያዎቹ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ስሙን ያላስመዘገበን ሰው የአይፒ አድራሻ ለሁሉ ማሳየቱን እየተዉ፣ በምትኩ ጊዜያዊ ቁጥር ወደ መስጠት ሄደዋል። ያች የኮሜርስ ተማሪ ዛሬ ብትሆን ከጎረምሳው ተለይታ የራሷ ቁጥር ይኖራት ነበር። እኔም ማታ ማታ የአማርኛውን የቅርብ ለውጦች ዝርዝር እከፍታለሁ፤ ብዙውን ቀን ከጥቂት መስመር አይበልጥም። ስለ አንድ የአዲስ አበባ ሰፈር ከተጻፈ ገጽ ትይዩ አንድ ጊዜያዊ ቁጥርና አንድ ሰዓት ተጽፎ ሳይ፣ ጀሞ ካለው አራተኛ ፎቅ አያቱን እየጠየቀ የሚጽፍ የልጅ ልጅ ይሁን፣ ወይስ ያ ጎረምሳ ጎልምሶ ተመልሶ ይሁን፣ ከዝርዝሩ አይታወቅም። የተለወጠውን ከቀድሞው ጎን ለጎን አድርጌ ከላይ እጀምራለሁ።