የታሰረው ክንድ፦ የፒያኖ ትምህርትና የጡንቻ ውጥረት ታሪክ

የፒያኖ ተጫዋቾችን ክንድ የሚያደነድነውና የእጅ አንጓቸውን የሚገትረው የጡንቻ ውጥረት ብዙ ጊዜ የልምምድ ማነስ ወይም የጣት ድክመት ውጤት ተደርጎ ቢቆጠርም፣ የመሣሪያውና የትምህርቱ ታሪክ ጎን ለጎን ሲታይ ግን ሌላ ምክንያት ጎልቶ ይወጣል፤ ፒያኖ ከሥሩ ሲለወጥ የአጨዋወቱ ትምህርት ለቀደመው ቀላል መሣሪያ በተበጀ ሥርዓት ይሰጥ ነበር።

ባርቶሎሜዮ ክሪስቶፎሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1700 አካባቢ በፍሎረንስ ከተማ ፒያኖን ሲሠራ፣ በዘመኑ የተስፋፋው መሣሪያ ሃርፕሲኮርድ፣ ማለትም ክሩን በላባ ጫፍ ጎትቶ በመልቀቅ ድምፅ የሚሰጥ ባለ ቁልፍ መሣሪያ ነበር። ቁልፉ በብርቱ ቢጫንም የድምፁ መጠን እምብዛም ስለማይጨምር፣ ተጫዋቹ ክንዱን ሳያነቃንቅ በጣቱ ብቻ መሥራት ይችል ነበር። ካርል ፊሊፕ ኢማኑኤል ባኽ በ1753 ባሳተመው የማስተማሪያ መጽሐፍ ጣቶች ጎበጥ፣ ጡንቻዎችም ላላ ማለት እንዳለባቸው አስተምሯል። በ19ኛው መቶ ዘመን ግን ሙዚቃው ወደ ትልልቅ አዳራሾች ሲገባ የፒያኖው ክሮች ወፈሩ፣ መዶሻዎቹ ከበዱ፣ ቁልፎቹም ይበልጥ ጥልቀትና ክብደት አገኙ። በ1825 አልፊየስ ባብኮክ በቦስተን የመብት ማረጋገጫ ያገኘበት ባለ አንድ ወጥ የብረት ክፈፍ የክሮቹን ውጥረት ለመጨመር መንገድ ከፈተ፤ ዛሬ በአንድ ትልቅ የኮንሰርት ፒያኖ ላይ የክሮቹ ጠቅላላ ውጥረት 20 ቶን ገደማ ይደርሳል።

መሣሪያው ከመላው ክንድ ጉልበት መጠየቅ በጀመረበት በዚሁ ዘመን መምህራኑ ክንዱን ማሰርን መረጡ። ጀርመን ተወልዶ በአየርላንድ የኖረው ዮሐን በርንሃርድ ሎጂየር በ1814 ኪሮፕላስት የተባለውን፣ የእጅ አንጓን በሁለት ዘንጎች መካከል ይዞ ጣቶችን እየለየ የሚያስቀምጥ መሣሪያ አስመዘገበ፤ ፍሪድሪክ ካልክብሬነርም ክንድ የሚያርፍበትን አግዳሚ ዘንግ ከዚህ ሐሳብ አዳብሮ በፓሪስ አስፋፋ። የሁሉም እምነት አምስቱ ጣቶች በልምምድ ብዛት እኩል ብርታት ያገኛሉ የሚል ነበር። ሮበርት ሹማን በ1830ዎቹ መጀመሪያ የቀኝ እጁ ጣት ታዞ አልሠራ ስላለው የተጫዋችነት ሕልሙን ትቶ ወደ ድርሰት አዘነበለ፤ የጉዳቱ መንስኤ እስካሁን ሐኪሞችን ቢያከራክርም፣ በጣት ማጠንከሪያ መሣሪያ መጠቀሙ ግን የታወቀ ነው።

በ1831 ፓሪስ የገባው ፍሬዴሪክ ሾፓን ካልክብሬነር ያቀረበለትን የሦስት ዓመት ትምህርት ሳይቀበል ቀርቶ ተቃራኒውን መንገድ ያዘ። እያንዳንዱ ጣት የራሱ ተፈጥሮ እንዳለው በማመን ደቀ መዛሙርቱን ረጃጅሞቹ ጣቶች በጥቁር ቁልፎች፣ አጫጭሮቹ አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ደግሞ በነጮቹ ላይ እንዲያርፉ ያስለምድ ነበር፤ ይህ አቀማመጥ እጁን ሳያስጨንቅ በተፈጥሮ ቅርጹ ያሳርፈዋል። ሆኖም ያሰበውን የማስተማሪያ መጽሐፍ ሳይጨርስ ስለሞተ ሐሳቡ የትምህርት ቤቶች ሥርዓት ሊሆን አልቻለም።

የክንድ ሕመም ራሱን የቻለ የጽሑፍ ርዕስ የሆነው ጀርመናዊው ሉድቪግ ዴፔ በ1885 ስለ ፒያኖ ተጫዋቾች የክንድ ሕመም በጻፈ ጊዜ ነው። ዴፔ ድካሙ የሚመጣው ሥራው በጣት ጡንቻዎች ላይ ብቻ ስለሚወድቅ እንደሆነና ትከሻና ጀርባም ሸክሙን መጋራት እንዳለባቸው አስረዳ። ከእርሱ በኋላ በለንደን ቶቢያስ ማታይ በ1903፣ በጀርመን ሩዶልፍ ብራይትሃውፕት በ1905 ባሳተሟቸው መጻሕፍት ጡንቻን ማላላትና የክንድን ክብደት በቁልፉ ላይ መጣል ዋና ትምህርት ሆነ። ይሁን እንጂ ይህም ትምህርት በተከታዮቹ ዘንድ ከልክ አልፎ፣ ማንኛውም የጡንቻ መኮማተር እንደ ጥፋት መቆጠር ጀመረ።

ይህን ክርክር ወደ ልኬት ያመጣው በባልቲሞር የፒቦዲ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያስተማረው ኦቶ ኦርትማን ሲሆን፣ በ1929 ባሳተመው ጥናት ሙሉ ለሙሉ በላላ ክንድ ፒያኖ መጫወት እንደማይቻልና ፍጥነትም ሆነ ኃይል የመገጣጠሚያዎችን ጽናት እንደሚጠይቅ አሳየ። ጎጂው ውጥረት እንግዲህ መኮማተሩ ራሱ ሳይሆን ከሚያስፈልገው ኃይልና ጊዜ ማለፉ ነው፤ ጣትን የሚያጥፉትና የሚዘረጉት ተቃራኒ ጡንቻዎች ባንድ ጊዜ ሲኮማተሩ እጁ ከራሱ ጋር ይታገላል፤ ድምፁ ከወጣ በኋላ ቁልፉን በኃይል መጫንም ክሩ አስቀድሞ ስለተመታ ለድምፁ የሚጨምረው ነገር የለም። ስለዚህ ጡንቻን ማላላት በተጫዋቹ ዘንድ ከልምምድ በኋላ የሚመጣ ዕረፍት ሳይሆን በእያንዳንዱ ድምፅ መካከል የሚፈጸም የአጨዋወቱ አካል ነው፤ የ19ኛው መቶ ዘመን መምህራን ክንዱን ሲያስሩ የነፈጉትም ይህንኑ ነበር።