ጀሪካን ሙሉ ውሃ የሚውጠው አሮጌ መቀመጫ

አዲስ አበባ ውስጥ ቧንቧ ሲደርቅ ጀሪካን ይዞ የተሰለፈ ሰው የሃያ ሊትር ውሃን ክብደት በትከሻው ያውቀዋል። አሜሪካ ውስጥ ግን ያንኑ የሚያህል ውሃ እጀታ አንድ ጊዜ ጫን በማለት ብቻ ወደ ፍሳሽ ሲወርድ ብዙ ዘመን ኖሯል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተሠሩ የሽንት ቤት መቀመጫዎች በአንድ ጊዜ አምስት ጋሎን ወይም 19 ሊትር ያህል፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ ይለቁ ነበር። በ1980ዎቹ 3.5 ጋሎን፣ ማለትም 13 ሊትር ያህል የሚለቁት ተለመዱ።

ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ለዚህ ታሪክ ሩቅ አይደለችም። በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር፣ ከሴንት ፖል በታች ትገኛለች። የሁለቱ መንትያ ከተሞች ፍሳሽ ቀድሞ ሳይጣራ ወንዙ ውስጥ እየተለቀቀ በዚያው በኩል ቁልቁል ያልፍ ነበር። በ1938 ሴንት ፖል ወንዝ ዳር የማጣሪያ ጣቢያ ተከፍቶ ይህ ታሪክ መለወጥ ጀመረ። በ1965 የኢንቨር ግሮቭ መንደርና በዙሪያው ያለው ታውንሺፕ ተዋሕደው የዛሬዋ ከተማ ስትመሠረት፣ በየአዲሱ ቤት የሚገባው ያው ብዙ ውሃ የሚጠጣ መቀመጫ ነበር።

ውሃ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፤ ወደ ቤት ሲገባና ቆሽሾ ሲወጣ። ይህ ወጪ የከበዳቸው ክፍላተ ሀገር የየራሳቸውን ሕግ ማውጣት ጀመሩ። ማሳቹሴትስ በ1989 አዲስ የሚገጠም መቀመጫ ከ1.6 ጋሎን (6 ሊትር) በላይ እንዳይለቅ በማድረግ ቀደመች። ፋብሪካዎችም በየክፍለ ሀገሩ ከሚለያይ ደንብ አንድ ወጥ ሕግ ይሻለናል አሉ። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ (አባት) በጥቅምት 1992 የፈረሙት የኢነርጂ ፖሊሲ ሕግ ያንኑ ልክ ለመላው አገር ደነገገ። ከጥር 1994 ጀምሮ ለመኖሪያ ቤት የሚሠሩ መቀመጫዎች በዚህ ልክ እንዲሆኑ ታዘዘ።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ብዙ ፋብሪካዎች የሳህኑን ቅርጽ ብዙም ሳይለውጡ የውሃውን መጠን ብቻ ቀነሱ። መቀመጫዎቹ ይደፈኑ ጀመር፤ ሰውም ሁለት ሦስት ጊዜ ውሃ ለመልቀቅ ተገደደ። ካናዳ ተሻግረው አሮጌውን ዓይነት የሚያመጡ ሰዎች ወሬ በጋዜጣ ወጣ። የሚቺጋኑ የምክር ቤት አባል ጆ ኖለንበርግ ሕጉን ለመሻር ያቀረቡት ረቂቅ ግን ሳይጸድቅ ቀረ።

ፋብሪካዎች የሳህኑንና የመውረጃውን ቅርጽ እንደገና አጠኑ፤ ሰፋ ያለ የውሃ መልቀቂያ ሠሩ። ከ2003 ጀምሮ መቀመጫዎች ከአኩሪ አተር በተሠራ ሊጥ እየተፈተኑ ውጤታቸው ለሕዝብ ይፋ ሆነ። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ በ2006 «ዋተርሴንስ» የተባለውን ምልክት ጀመረ። መቀመጫ ይህን ምልክት ለማግኘት በ1.28 ጋሎን (4.8 ሊትር) ውሃ 350 ግራም ሊጥ ጠርጎ ማውረድ አለበት። የ1994ቱ ሐሜት ግን እስከ ዛሬ ስለሚወራ፣ «አዲሱ አይሠራም» ብሎ ከአሮጌው ጋር የሚኖር ቤተሰብ አለ።

ሒሳቡን ማስላት ይበጃል። አምስት ሰዎች በቀን አምስት አምስት ጊዜ ቢጠቀሙ፣ በ3.5 ጋሎኑና በ1.28 ጋሎኑ መካከል ያለው ልዩነት በቀን 55 ጋሎን ነው። ይህም አሥር ጀሪካን ያህል ውሃ በየቀኑ ማለት ነው። የራሱ የፍሳሽ ጉድጓድ ላለው ቤትም ወደ ጉድጓዱ የሚወርደው ውሃ በዚያው ልክ ይቀንስለታል።

የመቀመጫው ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ በውሃ ታንኩ ውስጥ ወይም በክዳኑ ሥር ታትሞ ይገኛል። መቀየር ለሚያስብ ሰው ሌላው ቁም ነገር ከግድግዳው እስከ ወለሉ ብሎን ያለው ርቀት ነው። የተለመደው 12 ኢንች ስለሆነ፣ ከመግዛት በፊት መለካት ተመልሶ ወደ ሱቅ ከመሄድ ያድናል። ተከራይ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ አከራዩን ይጠይቅ።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ታንኩ ውስጥ የምግብ ቀለም ጠብ አድርጎ ውሃ ሳይለቁ ጥቂት መቆየት ነው። ቀለሙ ሳህኑ ውስጥ ከታየ፣ ማንም ሳይነካውም ውሃው እየሄደ ነው፤ ሒሳቡም እየቆጠረ ነው።