የዋልያስ ባንድ ታሪክና የአባሎቹ መለዋወጥ

አንድ የሙዚቃ ባንድ አባሎቹ ሲለወጡ ያው ባንድ ነው ሊባል ይችላልን? ይህ ጥያቄ ሲሰሙት የጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን የዘመናዊ ሙዚቃችንን ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ሁሉ ገና ከመግቢያው የሚያጋጥመው ይኸው ጥያቄ ነው። ምክንያቱም በሸክላና በካሴት ላይ ጎልቶ የሚጻፈው የዘፋኙ ስም ነው፤ ቢበዛ የባንዱ ስም ይጨመርበታል። ከኋላ ሆነው የተጫወቱት እነማን እንደ ነበሩ፥ መቼ ገብተው መቼ እንደ ወጡ ብዙ ጊዜ አይገለጽም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የዋልያስን ባንድ ምሳሌ አድርገን ነገሩን ለመመርመር እንሞክራለን። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ጥያቄው ወደ እኛ የመጣው ከመጽሐፍ አይደለም። ያደግነው በወረታ ነው። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጐንደር የሚሄደው መንገድና ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ስለሆነች፥ ከየአቅጣጫው የሚመጣ ሰውም ዘፈንም አይታጣባትም። በፎገራ ሜዳ የቈየው ሙዚቃ ግን የአዝማሪ ሙዚቃ ነው። አዝማሪ መሰንቆውን ይዞ ብቻውን ወይም ከሚስቱ ጋር ይዞራል፤ መሰንቆው የራሱ ነው፤ የሚሄድበትንም የሚመርጠው እሱ ነው።

እኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን አራት ጓደኛሞች ሆነን ባንድ ለማቋቋም ሞከርን። ኪቦርዱና የድምፅ ማጉያው ለሠርግ ዕቃ ከሚያከራይ ሰው በውሰት የተገኙ ነበሩ። ጥር ገባ፤ ሠርግ በዛ፤ ባለዕቃው ዕቃውን ወሰደ። አራታችንም በቦታችን ነበርን፤ አንድም ሰው አልሄደም፤ ባንዱ ግን በዚያው ቀረ። አባሎቹ ሁሉ እያሉ ባንድ የሚፈርስ ከሆነ፥ የባንድ ሕልውና በአባሎቹ ብቻ የቆመ አይደለም ማለት ነው። የዋልያስን ታሪክ ስናነብ ያየነው በዚህ ዓይን ነው።

በሀገራችን የዘመናዊ ሙዚቃ መሣሪያ ለረጅም ጊዜ የመንግሥት ንብረት ነበር። በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባው የአርመን ወጣቶችና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያን የቤተ መንግሥት ሙዚቀኞች ነበሩ። ከዚያም በኋላ ስማቸው የሚጠራው ኦርኬስትራዎች የክብር ዘበኛ፥ የጦር ሠራዊት፥ የፖሊስና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ነበሩ። በእነዚህ ቤቶች መለከቱም ሳክስፎኑም የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ሙዚቀኛውም ደመወዝተኛ ነው። አንዱ ቢወጣ ሌላው በወንበሩ ይተካል፤ የቤቱ ስም ግን አይናወጥም። የሸክላ ኅትመትም እንዲሁ በግል ሰው እጅ አልነበረም፤ አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስን ባቋቋመ ጊዜ ነው ያ አጥር የተጣሰው።

ዋልያስ የተነሣው በዚህ አዲስ ዘመን፥ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ስሙን የወሰደው ከአገራችን ከጐንደር፥ ከሰሜን ተራሮች እንስሳ ነው። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ውጭ ራሱን ችሎ የቆመ ባንድ ስለሆነ፥ አባሎቹን በአንድነት ያቆያቸው የአለቃ ትእዛዝ ሳይሆን የእርስ በርስ ስምምነትና ሥራው ነበር። በኦርጋን ኃይሉ መርጊያ፥ በሳክስፎን ሞገስ ሀብቴ፥ በትራምፔት ዮሐንስ ተኮላ፥ በጊታር ማሕሙድ አማን፥ በቤዝ መላከ ገብሬ፥ በከበሮ ተማረ ሀረጉ ይጫወቱ ነበር። ዘፋኙ፥ ፒያኖ ተጫዋቹና አቀናባሪው ግርማ በየነም ከእነሱ ጋር ሠርቷል። ከእነዚህ መካከል ኃይሉ መርጊያ በ1946 ደብረ ብርሃን ተወልዶ በልጅነቱ አኮርዲዮን የተማረ፥ ገና በለጋ ዕድሜው በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል የገባ ሰው ነው። ስለዚህ አዲሱ የግል ባንድ እንኳ ከአሮጌው የመንግሥት ቤት ትምህርት ፈጽሞ የተለየ አልነበረም።

ባንዱ ለብዙ ዓመታት ቋሚ ሥራ ያገኘው በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ነው። የ1974 አብዮት ከመጣ በኋላ ሰዓት እላፊ ታወጀ። ሰዓት እላፊ የሌሊት ሙዚቃን የሚገድል ይመስላል፤ በሒልተን ግን የሆነው ሌላ ነው። እንግዳው በሌሊት ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል እስኪነጋ እዚያው ይቈያል፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። በዚህ ዓይነት ሥራ ውስጥ ያለ ሙዚቀኛ ጓደኛው ቀጥሎ ምን እንደሚጫወት ሳያየው ያውቃል። በ1977 ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን የተሳተፈበትና በካይፋ ሪከርድስ የወጣው «ቼ በለው» የተባለው ሸክላ የዚያ አብሮ የመሥራት ፍሬ ነው። ዘፋኝ የማይመራው፥ በመሣሪያ ብቻ የቆመ ሥራ መሆኑም ልብ ሊባል ይገባዋል፤ በዚህ ሸክላ ላይ ከኋላ የነበሩት ሰዎች ወደ ፊት መጥተዋልና።

መለያየቱ የመጣው በጉዞ ነው። በ1981 ባንዱ ከዘፋኙ ከጌታቸው ካሳ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደ። ሊሰማው የሚመጣው ሰው በብዛት በዚያው የሚኖር ኢትዮጵያዊ ነበር። ጉዞው ሲያበቃ ባንዱ ለሁለት ተከፈለ። ኃይሉ መርጊያ፥ ሞገስ ሀብቴ፥ መላከ ገብሬና ግርማ በየነ በዚያው ቀሩ፤ ሌሎቹ ወደ ሀገራቸው ተመለሱ።

እዚህ ላይ ከውጭው ዓለም ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በዚያው በ1981 አል ጆርገንሰን የተባለ ሙዚቀኛ በቺካጎ ከተማ ሚኒስትሪ የተባለውን ባንድ አቋቋመ። ባንዱ በኋላ የፋብሪካ መኪና ድምፅ በሚመስል ከባድ ሮክ የታወቀ ነው። ጊታር መቺው፥ ከበሮ መቺው፥ ኪቦርድ ተጫዋቹ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል፤ ስሙ ግን ከመሥራቹ ጋር ቈይቷል። በ1988 የተመሠረተው ናይን ኢንች ኔይልስም እንዲሁ ነው፤ አቲከስ ሮስ በ2016 በይፋ እስኪጨመር ድረስ ቋሚው አባል ትሬንት ሬዝነር ብቻ ነበር። በእኛ አስተያየት እንዲህ ያለው ባንድ፥ መኪናው ምንም ያህል ቢጮኽ፥ ከፎገራው አዝማሪ ብዙ አይርቅም። ባለመሰንቆው አንድ ነው፤ ሌላው አጃቢ ነው። አንዱ እስካለ ድረስ ባንዱ አለ።

ዋልያስ ግን እንዲህ አልነበረም። እርሱ የሚመስለው ወንፈልን ነው። በፎገራ ሜዳ ሩዝ ሲታረምና ሲታጨድ ጎረቤት በወንፈል ይወጣል፤ ዛሬ በአንዱ ማሳ፥ ነገ በሌላው ማሳ ይውላል። አንድ ሰው ቢታመም ወንድሙ ይተካዋል፤ ወንፈሉ አይፈርስም። ግማሹ አገር ለቆ ቢሄድ ግን የቀሩት ጎበዞች ቢሆኑም ያ ወንፈል የለም። ጥፋቱም የማንም አይደለም።

የዋልያስን መፍረስ በስደት ብቻ የሚያስረዱ ሰዎች አሉ። የዘመኑ መከራ አባሎቹን እንደ ለያየ እኛም አንክድም። ነገር ግን አሜሪካ የቀሩት ዙላ ባንድ የሚባል አቋቁመው ተጫውተዋል። ችሎታው ነበር፤ ጓደኝነቱም ነበር። ያልነበረው በየሌሊቱ አብረው የሚያነጉበት ሒልተን ነው። ኃይሉ መርጊያ በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዞ ብቻውን ካሴት ቀረጸ፤ ማለት አዝማሪ ሆነ። ከዚያም በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዳ ኖረ፤ ደንበኛ በሚጠብቅበት ጊዜ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ያ ካሴት በ2013 እንደገና ሲታተም ስሙ በዓለም ተሰማ፤ በ2018ም «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ ሥራ አወጣ። ግርማ በየነም ከረጅም ዝምታ በኋላ አካሌ ውቤ ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር በ2017 ሥራውን አሳተመ። ሰዎቹ ተመለሱ፤ ዋልያስ ግን አልተመለሰም።

ከዚህ የምንደርስበት አሳብ ይህ ነው። ባንድ ማለት ስም አይደለም፤ የሰዎች ዝርዝርም ብቻ አይደለም። ሰዎች በእጃቸው ባለ መሣሪያ፥ በአንድ ቦታ፥ ሳያቋርጡ አብረው የሚሠሩት ሥራ ነው። ስለዚህ የባንድ ታሪክ የሚጽፍ ሰው «ማን ዘፈነ?» ብሎ ማቆም የለበትም፤ «መሣሪያው የማን ነበር? የት ይጫወቱ ነበር? ማን በማን ተተካ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ይህን ሥራ ተማሪ ሊሠራው እንደሚችል አስቀድሞ ያሳየን አለ። የአይቤክስና የሮሃ ባንድ ጊታር ተጫዋች ሰላም ሥዩም በ1980ዎቹ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ሲያጠና የመመረቂያ ጽሑፉን የሠራው በዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ ላይ ነው። ከመድረክ ወርዶ የጓደኞቹን ታሪክ ጻፈ። እኛም በዕረፍት ጊዜ ወደየአገራችን ስንመለስ አንድ ደብተር ይዘን እንሂድ። በወረታ በየሠርጉ ኪቦርድ የሚመታው፥ በየመጠጥ ቤቱ መሰንቆ የሚይዘው ስሙ ማን ነው? ከማን ተማረ? ከእሱ በፊት በዚያ ወንበር ማን ተቀመጠ? የምናውቃቸው ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ካልጠየቅን፥ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ተማሪ የሚያገኘው ድምፁን ብቻ ነው።