ብራድሌይ፤ የአንድ ብረት ለበስ አወላለድና ፈተና

ስለ ጦርነት የተጻፉ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሩት ስለ ጄኔራሎች፣ ስለ ድንበርና ስለ ድል ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ስለ አንድ ዕቃ ልንናገር አስበናል። ዕቃው ብራድሌይ የተባለው የአሜሪካ ጦር የእግረኛ ውጊያ ተሽከርካሪ ነው። «የቋንቋና የታሪክ ተማሪን ከብረት ጋር ምን አገናኘው?» የሚለን ጓደኛ አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው። ዕቃ የሠሪውን ሐሳብ ይዞ ይወለዳል። በአንድ መኪና ሆድ ውስጥ ስንት ወታደር እንደሚቀመጥ፣ ግድግዳው ምን ያህል እንደሚወፍር፣ ጥይቱና ነዳጁ የት እንደሚቀመጥ የወሰነ ሰው፣ አወቀውም አላወቀውም፣ የሰው ሕይወት ስንት ያወጣል ለሚለው ጥያቄ መልስ ሰጥቷል። እኛም የምንፈልገው ያንን መልስ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልን።

ከብራድሌይ በፊት የአሜሪካ እግረኛ የሚሄደው በኤም 113 ነበር። በ1960 ሥራ ላይ የዋለው ይህ ተሽከርካሪ አካሉ አሉሚኒየም፣ መሣሪያው አንድ ከባድ መትረየስ፣ ሆዱም አሥራ አንድ እግረኛ የሚይዝ ሣጥን ነው። ሥራውም እንደ ታክሲ ያለ ነው፤ ወታደሩን እስከ ውጊያው ዳር ያደርሳል፣ ያራግፋል፣ ዘወር ይላል። መዋጋት የእግረኛው ፋንታ ነው።

ይህን አሠራር ያናጋችው ሶቪየት ኅብረት ናት። በኅዳር 1967 የጥቅምት አብዮት ሃምሳኛ ዓመት ሲከበር በሞስኮ ቀይ አደባባይ ቢ ኤም ፒ የተባለ አዲስ ተሽከርካሪ ብቅ አለ። ዝቅ ያለ፣ ፈጣን፣ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ነው። 73 ሚሊ ሜትር መድፍና ፀረ ታንክ ሚሳይል ታጥቋል፤ ከኋላው ደግሞ ስምንት እግረኛ ተቀምጧል፤ እግረኛውም ሳይወርድ በግድግዳው ቀዳዳ በኩል መተኮስ ይችላል። ሐሳቡ የመጣው ከአቶም ቦምብ ፍርሃት ነው። ምድሩ በጨረር ከተመረዘ እግረኛ እንዴት ወርዶ ይዋጋል? ስለዚህ ውስጡ ሆኖ ይዋጋ ተባለ። ቢ ኤም ፒ ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከሶቪየት ኅብረት ከመጡልን መሣሪያዎች አንዱ እሱ ነበር። ምዕራብ ጀርመንም በበኩሏ በ1971 ማርደር የተባለውን የራሷን ተሽከርካሪ ለጦሯ አስረከበች።

አሜሪካኖቹ ነገሩን ሳያስቡት ቀርተው አይደለም። በ1960ዎቹ አጋማሽ ኤክስ ኤም 701 የተባለ ናሙና ሠርተው ነበር። ነገር ግን ሲመዝኑት ከበደ፤ በጊዜው ለነበረው የማጓጓዣ አውሮፕላንም አልተመቸም፤ ተጣለ። በ1972 ኤፍ ኤም ሲ ለተባለው ኩባንያ አዲስ ውል ተሰጠ። ኩባንያው ኤም 113ን የሠራው ነው። አዲሱ ናሙና ኤክስ ኤም 723 ተባለ፤ በላዩ አንድ ሰው ብቻ የሚገባበት ትንሽ የሚዞር ማማና 20 ሚሊ ሜትር መድፍ ነበረው።

ይህ ሲሆን የ1973ቱ የዐረቦችና የእስራኤል ጦርነት ፈነዳ። ግብፅና ሶርያ ቢ ኤም ፒን አሰለፉ፤ በዚያው ጦርነት ደግሞ አንድ እግረኛ ተሸክሞ የሚተኩሰው ፀረ ታንክ ሚሳይል ታንክን እንዴት እንደሚያቃጥል ዓለም አየ። ቀጭን ግድግዳ ይዞ ከታንክ ጎን መሰለፍ ምን እንደሚያስከትል ያልገባው የጦር ባለሙያ አልነበረም። በ1976 በብርጋዴር ጄኔራል ሪቻርድ ላርኪን የተመራ የጥናት ቡድን ንድፉ እንዲለወጥ ሐሳብ አቀረበ። ማማው ሁለት ሰው የሚይዝ ይሁን፤ አዛዡ ከተኳሹ ጎን ከፍ ብሎ ሜዳውን ይይ፤ መድፉ 25 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ከጎኑም ቶው የተባለው ፀረ ታንክ ሚሳይል ይጨመር፤ የእግረኛውና የቃኚው ተሽከርካሪ አንድ አካል ይኑራቸው ተባለ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ሒሳቡን እንሥራ። ማማው ሰፋ ማለት ሆዱ ጠበበ ማለት ነው። ሚሳይል ተጨመረ ማለት የሚሳይሉ መለዋወጫ ከወታደሩ እግር ሥር ተደረደረ ማለት ነው። አሥራ አንድ ሰው ይጭን የነበረው ተሽከርካሪ ልጁ ሲወለድ ከሦስቱ ምድብተኞች ሌላ የሚይዘው ስድስት ወይም ሰባት ሰው ብቻ ሆነ። በዚያ ላይ አዲሱን ኤም 1 ታንክ በፍጥነት መከተል አለበት፤ በዚያ ላይ ወንዝ መዋኘት አለበት፤ በዚያ ላይ በአውሮፕላን መጫን አለበት። ለመዋኘትና ለመጫን መቅለል ያስፈልጋል። ከታንክ ጎን ለመዋጋት ግን መክበድ ያስፈልጋል። ልብ በሉ፤ ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱም ለብቻው ሲታይ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ችግሩ የመጣው ሁሉም በአንድ መኪና ላይ ሲጫኑ ነው። አንዱ ሲሞላ ሌላው ይጎድላል፤ የሚጎድለውም ሁልጊዜ ከኋላ የተቀመጠው፣ በስብሰባው ላይ ያልነበረው ወታደር ድርሻ ነው።

በ1981 ተሽከርካሪው ኤም 2 ተብሎ ለእግረኛ፣ ኤም 3 ተብሎ ለቃኚ ጦር ተቀባይነት አገኘ። ስሙም በዚያው ዓመት በሞተው በጄኔራል ኦማር ብራድሌይ ተሰየመ። ብራድሌይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለተራው ወታደር በማሰብ የተመሰገነ አዛዥ ነበር። እንግዲህ ስሙ ራሱ በተሽከርካሪው ላይ የተጻፈ ዕዳ ሆነ ማለት ነው።

ዕዳውን እንዲከፈል ያስጠየቀው ደግሞ ከእግረኛው ጦር የመጣ ሰው አልነበረም። የአየር ኃይል መኮንን የሆነው ኮሎኔል ጄምስ በርተን በ1980ዎቹ መጀመሪያ በፔንታጎን የመሣሪያ ፈተና ክፍል ይሠራ ነበር። ጥያቄው እጅግ ቀላል ነው፤ «ጠላት የሚተኩሰውን እውነተኛ መሣሪያ፣ ነዳጅና ጥይት በሞላው ብራድሌይ ላይ እንተኩስና ውስጥ ያለው ሰው ምን እንደሚሆን እንይ» ነው ያለው።

የጦሩ ወገንም መልስ ነበረው፤ እሱንም ሳናዛባ ማስቀመጥ ይገባናል። ብራድሌይ የተሠራው የከባድ መትረየስ ጥይትና የመድፍ ፍንጣሪ እንዲችል ነው፤ ፀረ ታንክ ሮኬት እንደሚበሳው ማን ያጣዋል? ውድ የሆነውን ተሽከርካሪ አቃጥሎ የሚታወቀውን ከማወቅ፣ ክፍል በክፍል እየፈተኑና በኮምፒዩተር እያሰሉ መሄድ ይሻላል አሉ። ክርክሩ ውኃ የማይቋጥር አልነበረም። ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ሮኬቱ ግድግዳውን መብሳቱ አንድ ነገር ነው፤ ከበሳው በኋላ ጥይቱ ይፈነዳል ወይ? ነዳጁ ይቀጣጠላል ወይ? የግድግዳው ስባሪ የስንቱን ሰው ገላ ያገኛል? ጭሱ ምን ያደርጋል? የሚለው ሌላ ነገር ነው። የወታደሩ ዕድል ያለው በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ውስጥ ነው፤ እሱም በስሌት ብቻ አይገኝም።

በርተን ፈተናዎቹ ውጤቱን ለማሳመር ሆን ተብለው ይለዝባሉ፣ ጥይት መቀመጥ በነበረበት ቦታ ውኃ ይቀመጣል ሲል በግልጽ ከሰሰ። ጦሩ ክሱን አልተቀበለም። ኮሎኔሉን ከቦታው ለማንሳት ተሞከረ፤ የኮንግረስ አባላት ጣልቃ ገቡ፤ ነገሩ ጋዜጣ ላይ ወጣ። እሱም በ1986 ጡረታ ወጣ። ሰውየው ከቢሮው ቢወጣም ጥያቄው ግን አልወጣም። ኮንግረስ በዚያው ዓመት ባወጣው ሕግ ማንኛውም ሰው የሚሳፈርበት ዋና የጦር መሣሪያ በብዛት መመረቱ ከመቀጠሉ በፊት በእውነተኛ ተኩስ እንዲፈተን አዘዘ።

አባቶቻችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። በሽታው ሲገለጥ መድኃኒቱ ብዙም ሩቅ አልነበረም። በ1988 የመጣው ኤም 2 ኤ 2 በላዩ የብረት ሰሌዳ ተጨመረበት፤ በውስጥ ግድግዳው ላይ ስባሪን የሚይዝ ምንጣፍ ተለጠፈ፤ የጥይቱ አቀማመጥ ተለወጠ፤ ክብደቱን እንዲችል ሞተሩ ከ500 ወደ 600 የፈረስ ጉልበት አደገ። የመዋኘቱ ነገር ቀስ በቀስ ተረሳ። ከጎን ያሉት የተኩስ ቀዳዳዎችም ተደፈኑ። ወረቀት ላይ ያምሩ የነበሩት ነገሮች ቀርተው ሰውን የሚያድኑት ገቡ ማለት ነው።

ከዚያ 1991 መጣ። በኢራቅና በኩዌት በረሃ ወደ 2,200 የሚጠጉ ብራድሌዮች ተሰማሩ። ሃያዎቹ ወደሙ። ከሃያዎቹ ውስጥ ግን አሥራ ሰባቱ የተመቱት በራሳቸው ወገን ተኩስ ነው። ይህ ቁጥር ሁለት ነገር ይናገራል። በአንድ በኩል «የሚንቀሳቀስ የሬሳ ሣጥን» ይሆናል የተባለው ተሽከርካሪ ጠንክሮ ተገኘ፤ በሚሳይሉም ብዙ የኢራቅ ታንክ መታ። በሌላ በኩል ግን በሌሊትና በአቧራ ውስጥ ወገንን ከጠላት መለየት የሚያስችል ነገር እንዳልተዘጋጀ አጋለጠ። ማንም በግድግዳው ውፍረት ላይ ሲከራከር ሳለ ያላሰበው ጉድለት ነበር። ከ2003 በኋላ በነበረው የኢራቅ ጦርነት ደግሞ ሌላ መጣ፤ መንገድ ላይ የተቀበረ ፈንጂ ጠፍጣፋ ሆዱን ከሥር አገኘው፤ ለቅኝት ሥራም ሆዳቸው ሹል የሆነ ሌሎች ተሽከርካሪዎች ተተኩለት።

ታዲያ ለምን በሌላ አልተለወጠም? ሞክረዋል እንጂ! አንድ ትልቅ እቅድ በ2009 ተሰረዘ፤ ሌላው በ2014 ተሰረዘ። የሁለቱም ችግር ከድሮው የተለየ አይደለም፤ ሁሉንም ነገር በአንድ መኪና መመኘት፣ ከዚያም ክብደቱና ዋጋው ሲያሻቅብ መደንገጥ። ጀርመኖቹም በዚህ መንገድ አልፈዋል። ማርደርን እንዲተካ የተሠራው ፑማ በአውሮፕላን እንዲጫን ተብሎ ጋሻው የሚነሳና የሚገጠም ሆነ፤ ማማውም ሰው የማይገባበት፣ ሁሉ ነገሩ በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ ተደረገ። በታኅሣሥ 2022 ለልምምድ ከወጡት አሥራ ስምንት ፑማዎች አንዱም ሳይቀር ተበላሹ፤ የአገሪቱ መከላከያ ሚኒስቴርም አዲስ ግዢ ለጊዜው አቆመ። ሲመረመር ግን አብዛኛው ብልሽት ጥቃቅን ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተጠገኑ፤ በ2023ም ተጨማሪ ሃምሳ ታዘዙ።

አሮጌው ብራድሌይ በዚህ መካከል ወደ ዩክሬን ዘመተ። በ2023 ክረምት በዛፖሪዥያ ግንባር ፈንጂ በተቀበረበት ሜዳ ላይ ብዙዎቹ ቆመው ቀሩ። ነገር ግን ከብዙዎቹ ውስጥ ወታደሮቹ በእግራቸው ወጡ። ዩክሬናውያኑ ተሽከርካሪውን የሚያመሰግኑበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ መኪናው ይሞታል፣ ሰው ይተርፋል። በጥር 2024 ደግሞ በአቭዲቭካ አጠገብ ሁለት ብራድሌዮች ቲ 90 ኤም የተባለውን የሩስያ ታንክ በ25 ሚሊ ሜትር መድፋቸው እየደበደቡ ሲያሳውሩት በፊልም ታየ።

በርተን በ1993 በጻፈው መጽሐፍ ላይ ተመሥርቶ በ1998 የተሠራው «ዘ ፔንታጎን ዎርስ» የተባለው ፊልም ይህን ታሪክ የጅል ጄኔራሎች ቀልድ አድርጎ ያቀርበዋል። ማሳቁን ያስቃል። እኛ ግን ቀልዱን ታሪክ ነው ብለን ብንወስድ ዋናው ነገር ያመልጠናል። ጄኔራሎቹ ጅል ቢሆኑ ኖሮ መፍትሔው ብልህ ጄኔራል መሾም ብቻ በሆነ ነበር። ነገሩ ከዚያ ይከብዳል፤ ብልህ ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው በቂ ምክንያት ይዘው፣ በአንድነት ጥያቄ መጠየቅን ሊፈሩ ይችላሉ። የዛሬ ወዳጆቹ ደግሞ የጦር ሜዳ ድሉን እያነሱ «በርተን ተሳስቷል» ይላሉ። እነሱም ቅደም ተከተሉን ይዘነጋሉ፤ በ1991 በረሃ የገባው ብራድሌይ በ1981 ከፋብሪካ የወጣው አልነበረም። ተተኩሶበት፣ ተወቅሶ፣ ታርሞ ነው የገባው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን። ልክ ነው፤ ግን ንጋት በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ እውነት ግን የሚያጠራው ሰው ይፈልጋል። እኛ ነገ ከዚህ ወጥተን ድልድይ የሚሠራበት፣ መጽሐፍ የሚታተምበት፣ መድኃኒት የሚገዛበት ጠረጴዛ ዙሪያ የምንቀመጥ ነን። በጠረጴዛው ዙሪያ የሌለው፣ ከኋላ ተቀምጦ በሩ የተዘጋበት ሰው ግን ሁልጊዜ ይኖራል። ስለ እሱ «ባዶውን ሳይሆን ነዳጅና ጥይት የሞላውን እንፈትነው» የሚል አንድ ሰው ከመካከላችን ይገኝ።